ቴርሞሜትሩ የማይቆጥረው፦ የብርድ ጠዋትና የስፖርት ክፍለ ጊዜ

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ በደጋ ከተሞች ባሉ ትምህርት ቤቶች አንድ የቆየ ክርክር አብሮ ይመጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስፖርት ያለው ክፍል ሜዳ ይውጣ ወይስ ውስጥ ይቀመጥ? ወላጅ «ልጄን ብርድ ይመታብኛል» ይላል። የስፖርት መምህሩ «ሲሮጡ ይሞቃቸዋል፣ ደግሞም ይጠነክራሉ» ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ ከሁለቱም ለመገላገል አንድ ቁጥር ይፈልጋሉ፤ «ከዚህ ዲግሪ በታች ከሆነ አይወጡም» የሚያሰኝ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩም አይገኝም፤ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጥና ክርክሩ በዚያው ያበቃል።

እዚህ ሦስቱንም ልተች ነው። አቋሜን ከፊት ልናገር፦ ልጆች በብርድ ጠዋትም ሜዳ መውጣት አለባቸው ባይ ነኝ። ነገር ግን ስፖርት ዛሬ በብዙ ቦታ በሚሰጥበት አኳኋን ከቀጠለ፣ የወላጆቹ ስጋት ከመምህሩ ፉከራ የተሻለ መሠረት አለው። ለምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ስሌት እንሠራለን። አትፍሩ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

ብርድ በእርግጥ «ይመታል»?

በቋንቋችን ብርድ የሚመታ ነገር ነው። ራስ ምታቱም፣ የወገብ ሕመሙም፣ ጉንፋኑም፣ የሆድ ቁርጠቱም በሱ ይሳበባል፤ ብርድ ያላደረገውን ደግሞ ምች ይወስደዋል። በሁለቱ የማይሸፈን ሕመም ማግኘት ከባድ ነው። ሳይንሱ ይህን ጥያቄ አላለፈውም። እንግሊዝ አገር ሶልዝበሪ ውስጥ ከ1946 እስከ 1990 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሠራ የጉንፋን ምርምር ማዕከል ነበር። እዚያ ፈቃደኞችን ሙቅ ውኃ አስታጥበው ሳይደርቁ ነፋስ በሚገባበት መተላለፊያ ላይ አቆሟቸው፤ እርጥብ ካልሲም አስደረጓቸው። የቀዘቀዙት ካልቀዘቀዙት የበለጠ አልታመሙም። በ1968 ቴክሳስ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት የጉንፋን ቫይረስ አፍንጫቸው ውስጥ የተጨመረላቸውን ሰዎች አቀዝቅዞ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ።

እዚህ ላይ ቆሞ «ስለዚህ እናቶቻችን ተሳስተዋል» ማለት ደስ ይላል፤ ብዙ የሳይንስ ጽሑፍም እንደዚያ ይላል። ግን አላለቀም። በ2005 በዌልስ ካርዲፍ 90 ሰዎች እግራቸውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ ተደረገ፤ ሌሎች 90 ሰዎች እግራቸውን ባዶ ሳህን ውስጥ አስቀመጡ። በቀጣዮቹ አራት አምስት ቀናት ከነከሩት 13ቱ፣ ካልነከሩት 5ቱ «ጉንፋን ይዞኛል» አሉ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ተሰማን ያሉትን ነው የቆጠሩት፤ ቫይረሱን ማንም አልመረመረም። በ2015 ደግሞ በአይጥ ሴሎች ላይ የተሠራ ጥናት የጉንፋን ቫይረስ በ37 ዲግሪ ከሚራባው ይልቅ በ33 ዲግሪ፣ ማለትም ቀዝቀዝ ባለ አፍንጫ ሙቀት፣ በደንብ እንደሚራባ አሳይቷል።

እንግዲህ ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይወልድም፤ ቫይረሱ ከሰው መምጣት አለበት። ቀድሞ አፍንጫችሁ ውስጥ ገብቶ ከሆነ መቀዝቀዝ ሊያግዘው ይችላል የሚለው ገና አልተዘጋም። የተዘጋው ሌላ ነገር ነው፦ መስኮቱ። ብርድ ፈርተን 60 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግተን ስናስቀምጥ ቫይረሱን የምናርቅ ይመስለናል፤ እሱ የሚፈልገው ግን ይህንኑ ነው። ሜዳ ላይ የተነፈሳችሁት አየር ወዲያው ይበተናል።

ውስጥ መቅረት ሌላም ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቻይና ጓንዡ ውስጥ ደግሞ በ12 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገ ሙከራ፣ ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ክፍለ ጊዜ ጨመሩላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነዚህ ልጆች 30.4 ከመቶ የሚሆኑት የሩቅ አጥርቶ ያለማየት ችግር ያዛቸው፤ ባልተጨመረላቸው ዘንድ 39.5 ከመቶ ነበር። ምክንያቱ የደጅ ብርሃን እንደሆነ ይታመናል። የሒሳብ ማካካሻው ይህን አይተካም።

አንዲት ቁጥር

አሁን ወደ ርዕሰ መምህሩ ቁጥር እንምጣ። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ የአየሩን ሙቀትና «የሚሰማውን»። በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች ለዕረፍት ይውጡ አይውጡ የሚወስኑት ይህችን ሁለተኛዋን እያዩ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች በደንብ ያውቋታል። የነፋስ ብርድ መለኪያ ትባላለች። ለምሳሌ አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ቢነፍስ መለኪያዋ «1 ዲግሪ ነው የሚሰማው» ትላለች።

ከየት መጣች? ፖል ሳይፕል የሚባል አሜሪካዊ በ19 ዓመቱ ከስካውት ልጆች መካከል ተመርጦ ወደ አንታርክቲካ የዘመተ ሰው ነበር። አድጎ ተመራማሪ ሆነና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከቻርልስ ፓሰል ጋር እዚያው በረዶው ላይ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ምሰሶ ላይ እየሰቀሉ ውኃው እስኪረጋ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኩ። ለአሥርት ዓመታት የዓለም «የሚሰማ ብርድ» የተሰላው ከዚያ ዕቃ ነው። በ2001 ተሻሻለች፤ ካናዳ ውስጥ 12 አዋቂዎች በቀዘቀዘ የነፋስ መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ትሬድሚል ላይ እየተራመዱ ፊታቸው የሚያጣው ሙቀት ተለካ።

ሙከራው ጥሩ ነው፤ ትችቴ በሙከራው ላይ አይደለም። ትችቴ ቁጥሯ ስለማን እንደምትናገር ሳይጠየቅ ልጆች ላይ መለጠፏ ላይ ነው። መለኪያዋ የአዋቂን ፊት ነው የምታውቀው፤ ያውም በእግር የሚራመድ አዋቂ፣ ያውም ጸሐይ በሌለበት። የፊት ቆዳ እንዳይረጋ ለማስጠንቀቅ የተሠራች ናት። ደብረ ብርሃን በ2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጠራ ሰማይ ስር የቆመ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በስሌቷ ውስጥ የለም።

ጸሐይዋን ብቻ እንውሰድ። በታኅሣሥ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በዚያ ከፍታ አንድ ልጅ ላይ የሚያርፈው የጸሐይ ኃይል በግርድፉ ከ200 ዋት ይበልጣል። ሁሉም ገላው አይደርስም፤ ከፊሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። ቢሆንም እዚያው ሜዳ ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በሕንፃው ጥላ ስር የቆመውና አሥር እርምጃ ወጣ ብሎ የቆመው ልጅ ሁለት የተለያየ አገር ውስጥ ናቸው። ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ጸሐይ የሚሞቁ አባቶች ይህን ያለ ስሌት ያውቁታል። ቴርሞሜትር ግን በትክክል ከተሰቀለ ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ ነው፤ ሥራው የአየሩን ሙቀት መለካት ብቻ ነውና።

እርጥበቱም አለ። ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አሳልፎ ይሰጣል፤ ልብስ የሚያሞቀው ደግሞ በውስጡ የያዘው አየር ነው። ስለዚህ በሰኔ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የነካው ልጅ በ12 ዲግሪ፣ በኅዳር ጠዋት ደረቅ ሆኖ በ5 ዲግሪ ከሚሮጠው ልጅ የባሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በዲግሪ ብቻ የሚወስን ሕግ የመጀመሪያውን ያስወጣዋል፣ ሁለተኛውን ያስቀረዋል። ገልብጦታል ማለት ነው።

ሰልፉ

ምን መሰላችሁ፣ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ምህንድስና ስንማር የሙቀት ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል? እስቲ 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አስቡ። የቆዳው ስፋት 1.15 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዝም ብሎ ሲቆም ሰውነቱ ወደ 80 ዋት ሙቀት ያመነጫል፤ ከድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ትንሽ ያነሰ። ሶምሶማ ሲሮጥ ግን ወደ 470 ዋት ይደርሳል። አሁን ካናቴራና ስስ ቱታ አልብሱትና ነፋስ በሌለበት፣ በጥላ፣ በ6 ዲግሪ አቁሙት። ከገላው ወደ አየሩ የሚያመልጠው በግርድፉ 150 ዋት ነው።

ሲቆም 80 ይገባል፣ 150 ይወጣል። ይቀዘቅዛል። ሲሮጥ 470 ይገባል፣ 150 ይወጣል። ከመጠን በላይ ይሞቀውና ያልበዋል። ዲግሪው አልተቀየረም፣ ልብሱም አልተቀየረም። ስለዚህ «በ6 ዲግሪ ይውጡ ወይ?» የሚለው ጥያቄ፣ ልጆቹ እዚያ ምን እንደሚያደርጉ ሳይነገረን መልስ የለውም።

ሲቆም የሚያጣው ያን ያህል አደገኛ ነው? አይደለም። በ20 ደቂቃ ውስጥ ጉድለቱ 84 ኪሎጁል ነው፤ ይህ በሰውነቱ ሁሉ እኩል ቢከፋፈል አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ያውም ሰውነት ዝም ብሎ አያይም፤ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ቀንሶ የሚያመልጠውን ሙቀት ያሳንሳል። ልጁ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ስፖርት ይጠላል። ከሦስቱ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው፤ ሌሎቹ ከደወሉ በኋላ ያልፋሉ።

ታዲያ ልጆቹ ሜዳ ላይ ምን ያደርጋሉ? ርዝመት ዝላይ እንበል። 60 ተማሪ፣ አንድ የአሸዋ ጉድጓድ። አንዱ ሮጦ፣ ዘሎ፣ ተለክቶ፣ አሸዋው እስኪስተካከል ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። 60 ልጅ በግማሽ ደቂቃ፣ 30 ደቂቃ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ላይ ስም ጥሪና ማሟሟቂያ ሲቀነስ የቀረው በሙሉ አለቀ ማለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንዴ ዘለለ፤ 29 ደቂቃ ተኩል ሰልፍ ላይ ቆመ። ያውም ቀድሞ በማሟሟቂያው ላብ አውጥቶ። «ሲሮጡ ይሞቃቸዋል» የሚሉት መምህር ፊዚክሱ ላይ ልክ ናቸው፤ ልጆቹ ግን እየሮጡ አይደለም።

ላቡ ደግሞ በኋላ ሒሳቡን ያስከፍላል። አንድ ግራም ውኃ ለመትነን 2.4 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ካናቴራችሁ ላይ 100 ግራም ላብ ቀርቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢደርቅ፣ የሚወስደው ሙቀት ወደ 67 ዋት ይሆናል። ይህ ተቀምጦ የሚማር ያው 35 ኪሎ ልጅ ሰውነቱ ከሚያመነጨው ሙቀት ሁሉ ጋር እኩል ነው። ግማሹ እንኳ ከገላው ቢወሰድ በቀጣዩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለምን እንደሚንዘፈዘፍ ይገባችኋል። ወላጆች «ላብህ ሳይደርቅ ብርድ ላይ አትቀመጥ» የሚሉት ምክር በሽታውን በተመለከተ ያልተረጋገጠ ቢሆንም፣ ሙቀቱን በተመለከተ ከመጽሐፍ የተወሰደ ይመስላል። አንድ ደረቅ ካናቴራ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ችግሩን ከሞላ ጎደል ይፈታዋል።

«ይጠነክራሉ»

ካናቴራ ያለው ልጅ ከሆነ ነው እንግዲህ። በኖርዌይ የታወቀ አባባል አለ፤ መጥፎ የአየር ሁኔታ የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ። ፊዚክሱ ትክክል ነው፤ ልብስ ከተስተካከለ የሙቀቱ ሂሳብ ይስተካከላል። ግን አባባሉ ዋጋውን ደብቆታል። እዚያ ልጆች ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ፣ ጓንትና ኮፍያ አድርገው ነው የሚወጡት። እኛ ጋ ያለው አንድ ቱታ ነው፤ እሱም ያለው ለሁሉም አይደለም። በዩኒፎርሙ ሹራብ ሮጦ፣ በዚያው ሹራብ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ለእሱ «መጥፎ ልብስ» ማለት ጥፋትህ ነው እንደማለት ነው።

የማጠንከሩ ክርክር ደግሞ ሁልጊዜ በቆጂን ይጠራል። በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ የአርሲ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች፤ ልጆቹ በብርድ ጠዋት ነው የሚሮጡት፤ እንግዲህ ብርድ ያጠነክራል ይባላል። ይህ ያሸነፉትን ብቻ ቆጥሮ መደምደም ነው። በዚያው ብርድ ሮጠው ያቋረጡት፣ የታመሙት፣ ጫማ ያጡት ስማቸው አይጠራም። ደጋ ከተማ ሞልቶናል፤ ብርድ ብቻውን ሻምፒዮን ቢያወጣ ኖሮ ሜዳልያው ለሁሉም ይደርስ ነበር። በቆጂ ያላትን ሌላ ነገር ግን ሰው ይዘለዋል፦ እነዚህን ልጆች ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ልዩነቱን አንድ መምህር አመጣው ቢባል፣ ውርጭ አመጣው ከማለት ይልቅ ያሳምነኛል።

ከማጠንከር ወሬው ውጭ መተው ያለበት አንድ ቡድን አለ፤ አስም ያለባቸው ልጆች። ቀዝቃዛ አየር ደረቅ ነው፤ በፍጥነት ስትተነፍሱ የአየር ቧንቧችሁን ያደርቀዋል፣ አስም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ቧንቧው እንዲጠብ ያደርጋል። እዚህ ላይ «ተቋቋመው» ማለት ድንቁርና ነው። ቀስ ያለ ማሟሟቂያ፣ አፍና አፍንጫን በስካርፍ መሸፈን፣ ኢንሄለር ያለው በኪሱ መያዙ፣ በቂ ካልሆነም ያን ቀን ሜዳው ዳር መራመድ። አስም ያለባቸው ታላላቅ ሯጮችና ዋናተኞች ስላሉ ይህ ከስፖርት የመሰናበቻ ወረቀት አይደለም።

በከተማ ደግሞ አንዳንዴ በብርድ የሚሳበበው ሳል የጭስ ነው። በበጋ ጥርት ያለ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ጠዋት ላይ ከታች ያለው አየር ከላዩ ይልቅ ቀዝቃዛና ከባድ ስለሚሆን ባለበት ይተኛል። የማገዶውም የመኪናውም ጭስ አብሮት ይተኛል። ጸሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ይነሳና ጭሱን ይዞት ይሄዳል። በመንገድ ዳር ባለ ሜዳ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መሮጥና 4 ሰዓት ተኩል ላይ መሮጥ ለሳንባችሁ አንድ አይደለም።

እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር ወደ አንድ ቀላል ወረቀት የሚመጣው፤ ወደ ሳምንታዊው የክፍለ ጊዜ ድልድል። በደጋ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ የጠዋቱና የቀትሩ ሙቀት ልዩነት ከበጋና ከክረምቱ ልዩነት ይበልጣል። ሁለት ሰዓት መግፋት ብቻ ብርዱንም፣ ጭሱንም፣ የጸሐይዋንም ጉዳይ አብሮ ያስተካክላል። እርግጥ አንድ የስፖርት መምህር ለብዙ ክፍል ስለሚያስተምር ሁሉንም ረፋድ ላይ ማጨቅ አይቻልም። ግን ከኅዳር እስከ ጥር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለትልልቆቹ፣ የረፋዱን ለትንንሾቹ መስጠት ይቻላል፤ ትንሽ ልጅ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ስለሚበልጥ ቶሎ ይቀዘቅዛልና። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የደረሰባቸው ደግሞ ዝላይና ውርወራን ለሌላ ወር ትተው ሁሉም አብሮ የሚንቀሳቀስበትን ይሥሩ፤ በጸሐይ በኩል፣ ከሕንፃው ጥላ ወጥተው።

በሚቀጥለው የስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ሙከራ ሞክሩ። ከመካከላችሁ አንዱ ሰዓት ይያዝና አንድ ጓደኛውን ብቻ ይከታተል፤ ስንት ደቂቃ ተንቀሳቀሰ፣ ስንት ደቂቃ ቆመ? ለሦስት ሳምንት ሦስት የተለያየ ልጅ ተከታትላችሁ ቁጥሩን በአክብሮት ለመምህራችሁ አሳዩ። ለ60 ልጅ አንድ ኳስ የተሰጣቸው እሳቸው ናቸውና ወቀሳ አይሁንባቸው። ይልቅ ከቁጥሩ ጋር አምስት ስድስት የጨርቅ ኳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ አሮጌ ካልሲና ፌስታል የሌለበት ቤት የለም፣ አሠራሩንም ታላላቆቻችሁ ያውቁታል።